ከአንኮበር ግብር አዳራሽ እስከ አዲስ አበባ መድረክ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ቴአትር ቤት አልነበራትም። የቴአትር ጠባይ ግን አልጠፋባትም፤ በግብር አዳራሽ አዝማሪው መኳንንቱን በሰምና ወርቅ ያወድሳል፣ ሸንቆጥም ያደርጋል፤ ጦረኛው በጌታው ፊት እየፎከረ ገድሉን በቃልና በአካል ያሳያል። ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ እንጦጦ ካዛወሩና በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከተቆረቆረች በኋላ ይኸው ልማድ ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ ወደ አዲሲቱ ከተማ ተሻገረ።

ዘመናዊው ቴአትር የተጀመረው በሸዋ ተወልደው በሩስያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1910ዎቹ መጀመሪያ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ ነው። በአውሬዎች ተመስሎ የቀረበው የአስተዳደር ብልሹነት ተመልካቾቹን ራሳቸውን ስላሳያቸው ተውኔቱ ታገደ። የአዝማሪው ሽሙጥ ከግብሩ ጋር ይበተናል፤ በወረቀት የሰፈረ ተውኔት ግን ተደግሞ ይታያል። ገዥዎቹን ያስፈራቸውም ይኸው ነው።

ሆኖም በ1927 ዓ.ም. የፋሺስት ወረራ ሲያንዣብብ የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሕዝቡን ለመቀስቀስ የያዘው መሣሪያ ንግግር፣ ዘፈንና ተውኔት ነበር። በሰላሙ ቀን የተፈራው መድረክ በጭንቁ ቀን ተፈለገ። የአዲስ አበባ ቴአትር ታሪክ ከዚህ ቅራኔ ይነሣል።