የቀበሌ ቤት፦ ስም ያልወጣለት የድሃ ጡረታ

እናቴ ለቀበሌ ቤታችን በወር ስድስት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ትከፍል ነበር። ደረሰኞቹን ሁሉ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ አጠራቅማ ኖራለች። ካረፈች በኋላ አንድ በአንድ ሳገላብጣቸው፣ ለዓመታት ለተማሪዎቼ ሳስተምረው የኖርሁትን ታሪክ እንደ አዲስ የተማርሁት መሰለኝ።

አባቴ ሸማኔ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ሲሞት እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከእኔ በታች ሁለት ታናናሾች አሉ። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ከወጣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ነገር ግን ሸማኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለምና ለሚስቱ የሚተርፋት ሳንቲም አልነበረም። የግል ድርጅት ሠራተኞች እንኳ ጡረታ ያገኙት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ያም ቢሆን ለሸማኔው፣ ለጉልት ቸርቻሪዋና ለቀን ሠራተኛው በፈቃዳቸው ካልገቡበት በቀር የሚደርሳቸው አልሆነም።

እድሩ የሚገባውን አድርጓል። ድንኳን ተከለ፣ ንፍሮ ቀቀለ፣ እስከ ሠልስት አስተዛዘነ። እድር የሚያውቀው የሞትን ወጪ ነው፤ ከሠልስት ወዲያ ያለውን የኑሮ ወጪ አያውቅም፣ እንዲያውቅ መጠበቅም ግፍ ነው፤ አባላቱ ራሳቸው ድሆች ናቸውና። ስለ «ባህላዊ የመረዳጃ ተቋሞቻችን» በየጉባኤው የሚዘንበውን ውዳሴ በሰማሁ ቁጥር ውስጤ የሚያጉረመርመው ስለዚህ ነው።

ታዲያ ማን አሳደገን? የእናቴ ጉልበትና ያ ስድስት ብር ከሃምሳ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገበትን አዋጅ ቁጥር 47 አወጣ። በወር ከ300 ብር ያልበለጠ ኪራይ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ኪራዩ ባነሰ መጠን ቅናሹ ከፍ ይል ነበር። ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተላለፉ። ደርግን ላወድስ የተነሣሁ የሚመስለው አንባቢ ይታገሠኝ። በዚያው የቀበሌ ግቢ በቀይ ሽብር ዘመን ወጣቶች መታሰራቸውንና መገረፋቸውን፣ ቤታቸው «ትርፍ» ተብሎ ከተወሰደባቸው መካከልም በኪራይ የሚተዳደሩ መበለቶች እንደ ነበሩ አልዘነጋሁም። አዋጁ የታሰበው የባለ ቤቶችን ኃይል ለመስበር እንጂ ለድሃ ዋስትና ለማቆም አልነበረም። ዋስትና የሆነው ሳይታሰብ ነው። በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ፣ በገበያ የሁሉ ነገር ዋጋ ሲንር፣ የእናቴ ደረሰኝ ያው ስድስት ብር ከሃምሳ ይላል። ገንዘቡ ዋጋ ባጣ ቁጥር፣ ማንም ሳያውጅው፣ የመንግሥት ድጎማ በየወሩ ያድግ ነበር ማለት ነው።

ይህ ድጎማ ግን የሰው መብት ሳይሆን የግድግዳ ነበር። ከገጠር መጥታ በሰው ጓሮ ክፍል ለተከራየች መበለት ምንም አይደርሳትም፤ ከእናቴ ብትደኸይም እንኳ። ቤቱም የማንም ስላልነበረ የሚጠግነው አልነበረም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ለሚያፈሰው ጣራ ባልዲ እንደቅን ነበር።

ከቤቱ ውጭ ያለው ድጋፍ ደግሞ በማኅተም የሚገኝ ነው። ታናሽ እኅቴ በታመመች ጊዜ የነጻ ሕክምና ወረቀት ለማውጣት ከእናቴ ጋር ወደ ቀበሌ ሄድሁ። «ነገ ነይ» አላት ጸሐፊው። በዕድሜ ትበልጠዋለች፤ በማግሥቱም «ነገ ነይ» ነው ያላት። በሦስተኛው ቀን ምስክር አምጪ ተባለች። ጎረቤቶቻችን በፊታችን ቆመው፣ ምጣዳችን በሳምንት ስንት ቀን እንደሚጣድ ቆጥረው መሰከሩ። እውነታቸውን ነበር። እናቴ ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከእነርሱ ጋር ቡና አልጠጣችም።

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 አረጋውያንንና ያለ ወላጅ የቀሩ ሕፃናትን የመርዳት ግዴታ በመንግሥት ላይ ጥሏል፤ ግዴታው ግን በአገሪቱ አቅም ልክ ተገድቧል። አቅሙን የሚለካው ደግሞ ባለ ዕዳው ራሱ ነው። የገጠሩ የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የከተማው በ11 ከተሞች የተጀመረው በ2009 ዓ.ም. ነው። መንገድ እየጠረጉ ለልጆቻቸው እራት የገዙትን እናቶች አይቻለሁና አላናንቀውም፤ ለመሥራት አቅም ላለው የተመደበው ጊዜ ግን ሦስት ዓመት ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ በሦስት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ይሞላዋል እንጂ ራሱን አይችልም።

ሰፈራችን በ2002 ዓ.ም. ፈረሰ። ምርጫው ሌላ የቀበሌ ቤት ወይም ቅድሚያ ክፍያ የሚከፈልበት ኮንዶሚኒየም ነበር። የእናቴን ቅድሚያ ክፍያ እኔ ከፈልሁ፤ ደመወዝተኛ ልጅ ያልነበራቸው ጎረቤቶቻችን የደረሳቸውን ቤት አከራይተው እነርሱ ወደ ባሰ ክፍል ገቡ። ከዚያ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ የሰማሁት ክርክር በአመዛኙ ስለ ቤት ነበር፤ ስንት ፈረሰ፣ ስንት ተተካ። ያ ርካሽ ኪራይ ለአንዲት መበለት ጡረታዋም፣ የልጆቿ ቀለብም እንደ ነበረ አንስቶ የሚቆጥር አልሰማሁም።

እናቴ ከከተማው ጫፍ አራተኛ ፎቅ ላይ ገባች። የጉልት ደንበኞቿ ቀሩ። በቆርቆሮው ውስጥ የኪራይ ደረሰኝ ከ2002 ወዲያ የለም፤ የእድሩ ደረሰኝ ግን እስከ መጨረሻዋ ወር ድረስ አለ። በየወሩ ሁለት ታክሲ ተሳፍራ፣ ለሌለ ሰፈር እድር መዋጮዋን ስትከፍል ኖራለች። የታክሲው ከመዋጮው ይበልጥ ነበር።