ለሚሽከረከር ክንፍ ትእዛዝ የምታደርስ ሰሐን

አንድ ጎልማሳ በእጁ የራዲዮ ማዘዣ ሣጥን ይዞ ክንድ የምታህል ሄሊኮፕተር በሜዳ ላይ ሲያበርር ብታዩ፥ «በልጅ መጫወቻ ይውላል» ብላችሁ እንዳትንቁት። የዚህች የትንሺቱ ታሪክ ከትልቂቱ ሄሊኮፕተር ታሪክ ጋራ የተገመደ ነው፤ ትንሺቱም ለትልቂቱ መምህር የሆነችበት ጊዜ አለ።

አስቀድመን ነገሩን እንረዳው። የኤሮፕላን ክንፍ የጸና ስለ ሆነ አብራሪው በሽቦና በዘንግ ሊያዝዘው ይችላል። የሄሊኮፕተር ክንፍ ግን ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል። ታዲያ ያልዞረ እጅ የሚዞረውን እንዴት አድርጎ ይዘዘው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሆነችው ስዋሽፕሌት የምትባለው ክፍል ናት። እርስዋም በቋሚው ዘንግ ላይ የተሰኩ፥ በመካከላቸው ኩሽኔታ ያለባቸው ሁለት ሰሐኖች ናት። የታችኛው ሳይዞር ትእዛዝ ይቀበላል፤ የላይኛው ከክንፎቹ ጋራ እየዞረ የተቀበለውን በቀጫጭን ዘንጎች ለእያንዳንዱ ክንፍ ያደርሳል። ሁለቱ በአንድነት ከፍ ወይም ዝቅ ሲሉ የክንፎቹ ሁሉ ማዕዘን እኩል ይለወጣል፤ ሄሊኮፕተሩም ይነሣል ወይም ይወርዳል። ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብሉ ግን እያንዳንዱ ክንፍ በአንዱ በኩል ሲያልፍ ማዕዘኑ ይጨምራል፥ በሌላው በኩል ይቀንሳል፤ ሄሊኮፕተሩም አዘንብሎ ይጓዛል።

ይህን ዘዴ በ1911 (ዓመታቱ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሩሲያ የነደፈው ቦሪስ ዩሪዬቭ ነው። ነገር ግን ችግሩ ሄሊኮፕተርን ማዘዝ ብቻ ሳይሆን ማጽናትም ነበር። በአሜሪካ አርተር ያንግ ለብዙ ዓመታት ሞዴል እየሠራ፥ ሲሰበርበትም እንደ ገና እየሠራ፥ ከክንፎቹ ጋራ በመስቀለኛ የሚዞር፥ ጫፎቹ ከባድ የሆኑ ማረጋጊያ ዘንግ አገኘ። በ1941 ሞዴሉን ለቤል ፋብሪካ ሰዎች አሳየ። ከዚያ ሥራ የተወለደው ቤል 47 በ1946 ለሲቪል አገልግሎት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ሄሊኮፕተር ሆነ። እንግዲህ ሰው ነፍሱን ለአዲሱ ዘዴ ከመስጠቱ አስቀድሞ የተሰበረችለት ሞዴል ናት።

ብድሩ ደግሞ ተመለሰ። የሞዴል ክንፍ ቀላል ስለ ሆነ ከሰው እጅ ፈጥኖ ያዘነብላል፤ በምድር የቆመው አብራሪም መናወጡን በሰውነቱ አያውቀውም። ስለዚህ ስታንሊ ሂለር ለትልቁ ሄሊኮፕተር ያበጀው፥ በጫፎቹ ትናንሽ መቅዘፊያዎች ያሉት ዘንግ ለሞዴል ሠሪዎች እጅግ ጠቀመ። በ1970 ጀርመናዊው ዲተር ሽሉተር ሞዴሉን በራዲዮ እያዘዘ ከ11 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አበረረ። ዛሬ የዘንጉን ሥራ የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ተክቶታል፤ ሰሐኒቱ ግን ከቦታዋ አልተነሣችም። በብዙ ሞዴሎች ላይ ሦስት ትናንሽ ሞተሮች ይገፏታል።

በ2021 ኢንጀኒዩቲ የተባለች 1.8 ኪሎ የምትመዝን ሄሊኮፕተር በማርስ ላይ በረረች። ከምድር የሚላክ ራዲዮ ደቂቃዎች ስለሚፈጅበት ክንፎችዋን ያዘዘው በውስጥዋ ያለው ኮምፒዩተር ነበር፤ የትእዛዙም መተላለፊያ ያችው ስዋሽፕሌት ነበረች። እስከ ጥር 2024 ድረስ 72 ጊዜ በረረች።

ክቡራን አንባብያን፤ ልጃችሁ ከጠረጴዛ ሥር ተቀምጦ ሽቦና ቆርቆሮ ሲያገጣጥም ስታገኙት፥ ከመቈጣታችሁ በፊት ምን ሊሠራ እንዳሰበ ጠይቁት።