ስንት ቀዛፊ፣ ስንት ክንድ፦ የሰሜን ኖርዌይ ቤተሰቦች የጀልባ ምርጫ

በሰሜን ኖርዌይ፣ ከሄልጌላንድ እስከ ፊንማርክ በሚዘልቀው የባሕር ዳርቻ፣ ጀልባ የሌለው ቤተሰብ መኖር አይችልም ነበር። መሬቱ ጠባብ ነው። ጥቂት ላምና በግ ይያዝበታል፣ ገብስና ኋላም ድንች ይዘራበታል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን አያበላም። መንገድ ስላልነበረ ቤተ ክርስቲያን የሚሳመው፣ ገበያ የሚወጣው፣ ሐኪም የሚጠራው በውኃ ላይ ነበር። ከደሴት የታጨደ ድርቆሽ፣ ለግጦሽ የሚሻገሩ በጎች፣ የምትዳር ሙሽራ፣ ወደ መቃብር የሚሄድ አስከሬን ሁሉ በጀልባ ይጓዙ ነበር። ስለዚህ የጀልባው መጠን የቤተሰቡ ከባድ ውሳኔ ነበር። ውሳኔውም ከገንዘብ አቅም ይልቅ ነፋስ ፊት በነሣ ቀን ጀልባውን ቀዝፎ ወደ ቤት የሚመልስ ስንት ክንድ አለ በሚለው ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር።

የአካባቢው ጀልባ የኖርድላንድ ጀልባ ይባላል። ፊቱና ኋላው ሹል ሆኖ ወደ ላይ የቀና ነው፤ ጎኖቹ አንዱ ሳንቃ የሌላውን ጠርዝ እየደረበ በብረት ምስማር ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ሠሪው በወረቀት ላይ ንድፍ አያወጣም። መጀመሪያ የውጩን አካል በዓይኑና ምልክት በተደረገባቸው የመለኪያ እንጨቶች እየመራ ያቆማል፤ የውስጡን ማገር የሚያስገባው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ አሠራር የተገኘው ጀልባ ቀላልና ተለማጭ ነው፣ ማዕበል ሲመጣ ከውኃው ጋር ይነሣል። ክብደቱ መቀነሱ ግድ ነበር። ብቸኛው ሸራው አራት ማዕዘን በመሆኑ ከኋላና ከጎን የሚመጣን ነፋስ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፤ ከፊት በሚመጣ ነፋስ ላይ ግን ብዙም አይረዳም። ያን ጊዜ ሸራው ይወርድና ሁሉም መቅዘፊያ ይይዛል።

መጠኑም የሚቆጠረው በዚሁ ነው፦ ባሉት መቅዘፊያዎችና በማገሮች መካከል ባሉት፣ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ገደማ ርዝመት ባላቸው ክፍሎች። ትንሹ ፌሪንግ አራት መቅዘፊያ ያለውና ርዝመቱ ወደ 5 ሜትር የሚጠጋ ሲሆን ሁለት ሰው ይበቃዋል። ባለ ስድስት መቅዘፊያው ሴክስሪንግ ይባላል። ከእርሱ ቀጥሎ ሦስት ክፍል ተኩል ያለው፣ ባለ አራት ክፍሉ፣ ከዚያም ኦትሪንግ ይመጣሉ። ከሁሉ ትልቁ ፌምበሪንግ ከ10 ሜትር ያልፋል፤ አንዳንዱ 13 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ይህኛው ከኋላው ሰዎች የሚተኙባት ተነቃይ ጎጆ አለችው፣ ከዋናው ሸራ በላይም ተጨማሪ ሸራ ይሰቅላል።

ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች የወደዱት ፌምበሪንግን ነው። የቤቱን ድስት በየቀኑ የሚሞላው ግን ፌሪንግ ነበር። ባልየው ለረጅም ጊዜ ወጥቶ ሲቀር ሴቶች፣ ልጆችና አዛውንቶች ከቤት ሳይርቁ ለምግብ የሚሆን ዓሣ ያወጡበታል። የትንሹን ጀልባ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ከባሕር መውጫው ነው። ብዙው ቤተሰብ ከማዕበል የተጠለለ ወደብ አልነበረውም፤ ጀልባው ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ በዳርቻው ወደ ተሠራው የጀልባ ቤት ተጎትቶ መግባት አለበት። ፌሪንግን ሁለት ሰው ይጎትተዋል። ለትልቁ ጀልባ የጎረቤት ክንድ ያስፈልጋል፣ ሰው ባልተገኘበት ቀንም ባሕሩ እየመታው ያድራል። በዚህ የተነሣ አቅሙ የፈቀደለት ቤተሰብ መካከለኛ ጀልባ ገዝቶ ለሁሉም ሥራ ከማዋል ይልቅ ሁለት ጀልባ መያዝን ይመርጥ ነበር፦ ትንሹን ለቤት፣ ትልቁን ለሎፎተን።

ሎፎተን ከዋናው ምድር በቬስት ፊዮርድ የተለየ የደሴቶች ሰንሰለት ነው። ኮድ ዓሣ በየዓመቱ ከባሬንትስ ባሕር ተነሥቶ እንቁላሉን ሊጥል ወደዚያ ስለሚመጣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ድረስ ከጠረፉ ሁሉ ሰው ይጎርፍ ነበር። በ1890ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. በአንድ የማስገሪያ ወቅት ከ30,000 በላይ ሰዎች ነበሩ። ከሄልጌላንድ የሚነሡት በክረምት ብርድ፣ ብርሃን በሚያጥርበት ወቅት፣ መቶ ኪሎ ሜትሮችን በክፍት ጀልባ ያቋርጣሉ። ምግባቸው በቤት በተዘጋጀ ሣጥን ይጫናል፦ ቂጣ፣ አይብ፣ የደረቀ ሥጋ። የቀድሞው ሸራ ራሱ ሴቶች ከበግ ፀጉር ፈትለው የሸመኑት ስለነበር፣ ጀልባው ባሕር ላይ ባለ ጊዜ እንኳ የመላ ቤቱ ድካም አለበት።

እዚያ መጠኑን የሚወስነው ማስገሪያው ነው። መረብ ከባድ ነው፤ ሲረጥብና ዓሣ ሲይዝ ቦታም ጉልበትም ይጠይቃል፣ ስለዚህ መረብ የሚጥሉት አምስት ስድስት ሆነው በፌምበሪንግ ወይም በኦትሪንግ ይወጣሉ። ብዙ መንጠቆ የተደረደረበት ረጅም ገመድ ላላቸው አነስ ያለው ጀልባ ይበቃል። አንድ ገመድ በእጁ ይዞ የሚያጠምድ ደግሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው ጋር በትንሹ ይሠራል። የተገኘው ዓሣ ሲከፋፈል ለሰው ብቻ ሳይሆን ለጀልባውም ድርሻ ይወጣለታል። አባትና ሁለት ጎልማሳ ወንዶች ልጆች ያሉበት ቤት ትልቅ ጀልባ ቢይዝ ከድርሻው ብዙው ቤት ይገባል። ወንድ ልጅ የሌለው ባለ ጀልባ ግን የጎደለውን ከጎረቤት ማሟላት አለበት። ትልቅ ጀልባና መረብ ብዙ ጊዜ የሚገዙት ከነጋዴ በዱቤ ስለነበር ዓሣው በጠፋበት ዓመት ዕዳው ለሚቀጥለው ዓመት ይተርፋል።

ትልቅ መሆን ከሞት የሚያድን አልነበረም። የካቲት 11 ቀን 1849 እ.ኤ.አ. በሎፎተን ድንገት የተነሣው ወጀብ ወደ 500 የሚጠጉ ዓሣ አስጋሪዎችን በአንድ ቀን ገደለ። ክፍት ጀልባ ወለሉ ላይ የገባውን ውኃ በፍጥነት ካልቀዱለት ይሞላል፤ ከኋላ የሚገፋው ማዕበል ካዞረው ደግሞ ይገለበጣል። በትልቁ ላይ የተሰቀለው ሰፊ ሸራ በጊዜ ካልተቀነሰ አደጋውን ያብሳል። ስለዚህ መሪውን የሚይዘው አለቃ ችሎታ ከርዝመቱ ይልቅ ይታመን ነበር።

ይህን ዓለም በቅርብ ካጠኑት አንዱ የኖርዌይ ማኅበረሰብ ተመራማሪው አይለርት ሱንት ነው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ስለ ጀልባው ሲጽፍ ያስተዋለው ነገር ከዚህ በላይ ሊታወቅ ይገባው ነበር። ሠሪዎቹ ምንም ያህል ቢጠበቡ ሁለት ጀልባ ፍጹም አንድ ዓይነት አድርገው መሥራት አይችሉም። ጥቂቷ ልዩነት ሳይታሰብ ትገባለች፣ ባሕር ላይ ያለው ሰው የተሻለውን ይለያል፣ ሌላውም እንደዚያ ያለ እንዲሠራለት ይጠይቃል። እንግዲህ የጀልባው ቅርጽና ልክ የአንድ ሊቅ ፈጠራ ሳይሆን የብዙ ትውልድ ምርጫ ውጤት ነው ማለት ነው።

ምርጫው ግን ከጫካ የራቀ አልነበረም። በውጩ ደሴቶች ዛፍ እምብዛም ስለሌለ ጀልባ የሚሠራው ጥድ በሚበቅልባቸው ውስጠኛ ፊዮርዶች፣ በተለይም በራናና በቢንዳል ነበር። ገበሬው ሠሪ ክረምቱን ሠርቶ በበጋ ገበያ ያወርዳል፤ ደሴተኛው ገዢ ደግሞ ያልተቀባውን አዲስ ጀልባ ዞሮ አይቶ ይከራከራል።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የመጠኑ ስሌት ተለወጠ። ለባሕር አደጋ የኖርዌይ የነፍስ አድን ማኅበር በ1891 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ ኮሊን አርቸር የነደፈውና በስሙ የተጠራው ጠንካራ ባለ ድፍን ወለል የነፍስ አድን ጀልባ በ1893 እ.ኤ.አ. ባሕር ገባ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት በኋላ ደግሞ ሞተር መጣ። ሞተር ያለው ጀልባ ቀዝፎ መመለስ ስለማያስፈልገው ክብደቱ ችግር መሆኑ ቀረ፤ ወለሉ ተዘጋ፣ ቀፎው ሰፋ፣ የሰውም ቁጥር ከርዝመቱ ጋር መያያዙ አበቃ። መጀመሪያ ከሥራ የወጡት ትልልቆቹ ፌምበሪንጎች ናቸው፣ የእነርሱን ሥራ ሞተሩ የተሻለ አድርጎ ሠርቶታልና። ፌሪንግ ግን በዳርቻው ቆየ። ቤተሰብ ለራት የሚሆን ዓሣ መፈለጉን አልተወም፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ ሁለት ሰው የሚጎትተው ጀልባ ይበቃል። በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የኖርዲክ አገሮችን የተደራራቢ ሳንቃ ጀልባ አሠራር በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል።