ልጨርስ ወይስ ልሻገር?

የአክስቴ ልጅ የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ሰሞን ደወለችና «ስማ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ለመጨረስ ሁለት ኮርስ ይቀረኛል፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ አሁኑኑ ነይ ብሎኛል። አሶሼት ዲግሪ ምን ያደርግልኛል? ጥዬው ልሂድ?» አለችኝ። እኔም የታሪክ ነገር አይለቀኝም፤ «ቆይ፣ መጀመሪያ ይሄ የሁለት ዓመት ዲግሪ ከየት መጣ?» ብዬ ማገላበጥ ጀመርኩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከቺካጎ ነው። በ1892 የተከፈተው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የአራቱን ዓመት ትምህርት ለሁለት ከፈለው። የመጀመሪያው ግማሽ በ1896 «ጁኒየር ኮሌጅ»፣ ሁለተኛው «ሲኒየር ኮሌጅ» ተባለ። በ1900 ደግሞ የመጀመሪያውን ግማሽ ለጨረሱ ተማሪዎች አሶሼት የሚል ማዕረግ መስጠት ተጀመረ። ምክንያቱ ደስ ይላል፦ መቀጠል ያልፈለገ ወይም ያልቻለ ተማሪ «አቋረጠ» ሳይባል፣ በክብር ወረቀቱን ይዞ እንዲወጣ ነው። ዲግሪው ሲፈጠር መውጫ በር ነበር ማለት ነው።

በ1901 ከቺካጎ ብዙም በማትርቀው ጆሊየት ከተማ፣ የሃርፐር ወዳጅ የነበረው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ጄ. ስታንሊ ብራውን ሐሳቡን ወደ ተግባር ለወጠው። የጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ በ6 ተማሪዎች ተጀመረ፤ ዛሬም አለ። ካሊፎርኒያ በ1907 ሕግ አወጣችና በ1910 ፍሬስኖ ላይ የራሷን ከፈተች። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1947 «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለውን ስም በሰፊው አስለመደ። በ1960 የካሊፎርኒያ ማስተር ፕላን ደግሞ ለሁሉም ክፍት የሆኑት እነዚህ ኮሌጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገሪያ ድልድይ እንዲሆኑ ደነገገ።

ድልድዩ ግን ቀዳዳ ነበረው። የትኛውን ኮርስ እንደሚቀበል የሚወስነው ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2017 የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ትምህርት ቤት የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገመተ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄኔ ነው፤ የተማሩትን ኮርስ እንደገና፣ ያውም በዩኒቨርሲቲ ዋጋ!

ቀዳዳውን ለመድፈን የመጣው መፍትሔ ነው የዲግሪውን ትርጉም የገለበጠው። ፍሎሪዳ በ1971 የአሶሼት ዲግሪ የያዘ ሰው በግዛቲቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እንደ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ እንዲገባ የሚያስችል ስምምነት አወጣች። ካሊፎርኒያ በ2010 ሕግ፣ ለዝውውር ተብሎ የተዘጋጀውን የ60 ክሬዲት ዲግሪ ለጨረሰ ተማሪ በግዛቲቱ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አረጋገጠች፤ ከዚያ በላይም ከ60 ክሬዲት የበለጠ እንዳይጠየቅ ከለከለች። መውጫ በር የነበረው ወረቀት የመግቢያ ዋስትና ሆነ።

ታዲያ መጨረስ ይሻላል ማለት ነው? ብዙ ጊዜ አዎ። ግን ዋስትናው የሚሠራው ስምምነቱ ባለበት ግዛትና ለተፈቀደው የትምህርት ዘርፍ ነው። ኢንጂነሪንግ ላይ የሒሳብና የፊዚክስ ኮርሶች ተራ በተራ ስለሚያያዙ፣ ለዲግሪው ብቻ ተብሎ የሚወሰድ ኮርስ አንድ ሴሚስተር ሊያስባክን ይችላል። ወደ ሌላ ግዛት ወይም ወደ ግል ዩኒቨርሲቲ የሚሄድም መጀመሪያ የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙለት በጽሑፍ ይጠይቅ።

የሃርፐርን የመጀመሪያ ሐሳብ ግን አንርሳ። በዋሽንግተን ዙሪያ ያሉ ብዙ ልጆቻችን ማታ እየሠሩ፣ ወደ አገር ቤት ብር እየላኩ ነው የሚማሩት። ሥራ ይቀየራል፣ እናት ትታመማለች፣ ክፍያ ይጨምራል። ያኔ ያለ አሶሼት ተሻግሮ ባችለሩን ሳይዝ የቆመ ሰው ከሁለት ያጣ ጎመን ይሆናል። እኛ አገር በዲፕሎማ እያስተማረ በክረምት ኮርስ ዲግሪውን የያዘ መምህር ይሄን ሳይነገረው ያውቀዋል።

ለአክስቴ ልጅ አንድ ሦስተኛ መንገድ ነገርኳት። በ2012 ሜሪላንድን ጨምሮ 12 ግዛቶች የተሳተፉበት ጥረት ተጀምሮ ነበር፤ ተሻግሮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተወሰደ ክሬዲት ወደ ኮሌጁ ተመልሶ አሶሼቱን የሚያሟላበት አሠራር። «ሁለቱን ኮርስ እዚያ ወስደሽ መልሰሽ መላክ ትችይ እንደሆነ ሁለቱንም ቢሮ ጠይቂ፤ አይሆንም ካሉሽ ጨርሰሽ ሂጂ» አልኳት።

«ይሄን ለማለት ነው ቺካጎ ድረስ የወሰድከኝ?» ብላ ሳቀችብኝ። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?