የኦክላንዱ ባለጋዜጣ የወደቀበት ምርጫ

በቴሜስካል ምግብ ቤቶቻችን ቡና እየጠጣን የአገር ቤትን ምርጫ ስናነሳና ስንጥል እናመሻለን፤ በፖስታ የመጣልን የካሊፎርኒያ የምርጫ ወረቀት ግን ሳይከፈት ቆሻሻ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ዛሬ አንድ የቆየ ምርጫ ላስታውሳችሁ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መሐል ኦክላንድ ያለውን ባለ ሰዓት ግንብ የማያውቅ የለም። የኦክላንድ ትሪቡን ጋዜጣ ግንብ ነው፤ ጋዜጣው ደግሞ የኖውላንድ ቤተሰብ ንብረት ነበር። የቤቱ ልጅ ዊልያም ኖውላንድ በዋሽንግተን የሪፐብሊካን ሴናተሮች መሪ ሆኖ ሳለ፣ በ1958 ለካሊፎርኒያ አገረ ገዥነት ተወዳደረ። ዓይኑ ፕሬዚዳንትነት ላይ ነው ተባለ። በወንበሩ ላይ የነበረው ጉድዊን ናይት የገዛ ፓርቲው ሰው ነው፤ እሱን ገፍተው ወደ ሴኔት ውድድር ላኩት። ሁለቱም ወደቁ!

ኖውላንድን በተለይ የጎዳው ፕሮፖዚሽን 18ን መደገፉ ነው። ለመቀጠር የሠራተኛ ማኅበር አባል መሆን ግዴታ እንዳይሆን የሚከለክል ሐሳብ ነበር። ለጆሮ ደስ ይላል፤ ሠራተኛው ግን ማኅበሬን ሊያፈርሱብኝ ነው ብሎ ነቅሎ ወጣ። በ1946 አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ባየች ከተማ ቤተሰቡ ጋዜጣ የነበረው ፖለቲከኛ ይህን መሳቱ ይገርመኛል። ዴሞክራቱ ፓት ብራውን 60 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ፤ ፕሮፖዚሽኑም ወደቀ። በዚያ ዘመን በእኛ አገር የጠቅላይ ግዛት ገዥ በንጉሠ ነገሥቱ ይሾም ነበር እንጂ ሕዝብ አይመርጠውም።

«ታዲያ እኛን ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ብራውን በ1959 በሥራ ቅጥር የዘር አድልዎን የሚከለክል ሕግ ፈረመ። በ1963 ደግሞ በቤት ሽያጭና ኪራይ አድልዎን የሚከለክለውን የራምፎርድ ሕግ ፈረመ፤ ባይረን ራምፎርድ የበርክሌይ ጥቁር ፋርማሲስትና የምክር ቤት አባል ነበር። ሆኖም በ1964 ያው መራጭ፣ ከሦስት ሁለት እጅ በሚጠጋ ድምፅ፣ የቤቱን ሕግ ሻረው። ሽረቱን የቀለበሰው ፍርድ ቤት ነው፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1967 ውሳኔውን አጸናው።

እኔ ቴሜስካል የመጀመሪያ ቤቴን ስከራይ አከራዩ የጠየቀኝ የደመወዝ ወረቀት ብቻ ነበር። ከጀርባው ሕግ እንዳለ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።