እንስላልና አምሳያዎቹ፦ የአንድ ስም ታሪክ

በመዝገበ ቃላት ሥራ የአንድን ተክል ስም «የተክል ዓይነት» ወይም «ሽታው መልካም የሆነ ቅጠል» ብሎ ማለፍ የቆየ ልማድ ነው። ለአብዛኛው ተክል እንዲህ ያለው ልል ብያኔ ጉዳት አያደርስ ይሆናል፤ ለእንስላል ግን ያደርሳል። አበባቸውን እንደ ጃንጥላ የሚዘረጉት ዕፀዋት ወገን ድንብላልን፣ ከሙንንና ካሮትን እንደ ያዘ ሁሉ፣ ሰው የሚገድሉትንም ይዟልና። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዱር እንስላልን ከአምሳያዎቹ ለይቶ ማወቅ እንዴት የስያሜና የትርጉም ጉዳይ ሆኖ እንደ ኖረ ነው።

ስሙ በጽሑፍ ከታየ ከሦስት ሺሕ ዓመት በላይ ሆኖታል። በግሪክ አገር በሚኬኔ በተገኙት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተጻፉት የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ «ማራቱዎ» ተብሎ ከድንብላልና ከከሙን ጋር በቅመማ ቅመም ዝርዝር ውስጥ ሰፍሯል። በኋላ ዘመን ግሪክኛ «ማራቶን» ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት አቴናውያን ፋርሶችን ድል የነሡበት ሜዳም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቃል ሲሆን፣ እንስላል የሚበቅልበት ስፍራ እንደ ማለት ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ያሸነፈበት ሩጫ በሥርወ ቃሉ የእንስላል ሩጫ መሆኑን ስንቶቻችን አስበነው እናውቃለን?

በአንደኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ስለ መድኃኒት ዕፀዋት የጻፈው ሐኪሙ ዲዮስቆሪደስ «ማራቶን»ን ለብቻው፣ «ሂፖማራቶን» ማለት የፈረስ እንስላል የሚባለውን ደግሞ ለብቻው አስፍሯል። ሶቅራጥስ የሞተበትን መርዘኛ ተክል «ኮኔዮን»ን፣ በእንግሊዝኛ ሄምሎክ የሚባለውን ሲገልጽ ግን ቅጠሉን በ«ናርቴክስ» ቅጠል ይመስለዋል፤ ቀጠን ያለና ሽታው የሚከብድ መሆኑንም ይጨምራል። ተክልን በተክል መስሎ መግለጽ ሁለተኛውን ለማያውቅ አንባቢ አይፈይድም። ሽታን መጥቀሱ ግን እስከ ዛሬ የሚሠራ መለያ ነው።

መጽሐፉ ወደ ዐረብኛ ሲመለስ የሆነው ነገር ለተርጓሚ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ እስጢፋን ኢብን ባሲል ተርጕሞት ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ አረመው። ኢብን ጁልጁል የተባለው የአንዳሉስ ሐኪም እንደ ጻፈው፣ እስጢፋን የዐረብኛ አቻቸውን የሚያውቃቸውን ስሞች ተርጕሞ፣ ያላወቃቸውን በግሪክኛው እንዳሉ ተዋቸው፤ ከእርሱ በኋላ የሚያውቃቸው ይነሣል ብሎ ተስፋ አደረገ። መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ948 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ከቢዛንታዩ ንጉሠ ነገሥት የዕፀዋቱ ሥዕል ያለበት የግሪክኛ ቅጂ ወደ ኮርዶባ ተላከ። የጥንቱን ግሪክኛ የሚያነብ በከተማዪቱ ስላልተገኘ፣ በ951 ኒቆላዎስ የሚባል መነኵሴ መጣ። ሐስዳይ ኢብን ሻፕሩትና ሐኪሞቹ ከእርሱ ጋር ሆነው ጥቂት ሲቀሩ ስሞቹን ከተክሎቹ ጋር አገናኙ። ቃሉ፣ ሥዕሉና ተክሉን በዐይኑ የሚያውቀው ሰው በአንድ ስፍራ ካልተገናኙ ሥራው አይፈጸምም ነበር።

ሳይንሱም ቢሆን ከመምታታት አላመለጠም። ሊኔየስ በ1753 እንስላልን «አኔቱም» በሚለው ወገን ስም አስገብቶት ነበር፤ ዛሬ የሚታወቅበትን «ፎኤኒኩሉም ቩልጋሬ» የሚለውን ስም የሰጠው ፊሊፕ ሚለር በ1768 ነው። «አኔቶን» በግሪክኛ ሌላ ተክል፣ በእንግሊዝኛ ዲል የሚሉት ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ፈሪሳውያን አሥራት ያወጡበት የነበረውን ይህን ቅጠል የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጕም «አኒስ» ሲለው፣ አማርኛው «እንስላል» ብሎታል። በአማርኛው ስሕተት አለ ለማለት አንደፍርም፤ ብዙ ተናጋሪ ለሁለቱም ተክሎች በዚሁ ስም ይጠቀማልና።

ስሕተት ያለው ሌላ ዘንድ ነው። ሄሲዮድ ፕሮሜቴዎስ እሳቱን ሰርቆ የደበቀበትን አገዳ «ናርቴክስ» ሲል፣ የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎች «የፌነል አገዳ» አሉት። ከእንግሊዝኛው የሚመልስ ኢትዮጵያዊም «የእንስላል አገዳ» ማለቱ አይቀርም። ናርቴክስ ግን ፌሩላ የሚባለው ግዙፍ ተክል ነው፤ አበባው ቢጫ፣ ቅጠሉ እንደ እንስላል የቀጠነ ሲሆን የእንስላል ሽታ የለውም፤ ከብት ቢግጠው ደም እያፈሰሰ የሚሞትበት ዓይነት አለው። በኢትዮጵያ ደጋም ይበቅላል።

እንግዲህ ከሜዳ የሚለቅም ሰው በምን ይለይ? ከሁሉ አስቀድሞ በሽታ፦ የእንስላል ቅጠል ሲታሽ በኡዞ መጠጥ የምናውቀውን ጣፋጭ ሽታ ይሰጣል፤ ኮኔዮን ግን የአይጥ ሽታ የመሰለ ክርፋት አለው። ነገር ግን የእንስላል ሽታ በጣት ላይ ስለሚቀር፣ አንዴ እንስላል የነካ እጅ ቀጥሎ የሚያሸተውን ሁሉ እንስላል ያስመስላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን በበቀሉበት ይህ አደገኛ ነው። ስለዚህ ዐይንም ይመስክር። የእንስላል አበባ ቢጫ፣ የኮኔዮን ነጭ ነው፤ የእንስላል ቅጠል እንደ ክር ተበጣጥሷል፣ የኮኔዮን ሰፋ ያለ የፈርን ቅጠል ይመስላል፤ የኮኔዮን አገዳ ለስላሳና ወይን ጠጅ ጠቃጠቆ ያለበት ሲሆን የእንስላል ጠቃጠቆ የለውም። ለጋ ኮኔዮን አበባ ስለሌለውና ጠቃጠቆውም ላይጎላ ስለሚችል፣ ከመለያዎቹ አንዱ ቢጎድል አለመልቀም ነው።

በዚህ መሠረት ለመዝገበ ቃላቱ የምናቀርበው ብያኔ ይህ ነው። «እንስላል፦ 1. ለብዙ ዓመት የሚቆይ፣ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ አበባው ቢጫ፣ አገዳው ጠቃጠቆ የሌለው፣ ሲታሽ ጣፋጭ ሽታ የሚሰጥ ተክል፤ 2. ይህንኑ የሚመስል፣ ግን ዓመታዊ የሆነ፣ ፍሬው ጠፍጣፋና ዳርና ዳሩ ክንፍ ያለው ተክል።» ስለ ናርቴክስ እስጢፋን ያደረገውን እናደርጋለን፤ የአገር ቤት ስሙ ከየአካባቢው ተጠይቆ ከተክሉ ጋር እስኪመሳከር ድረስ በግሪክኛው እንተወዋለን።