የሕፃናት ቁመትና የምግብ ፕሮግራሞች ምዘና

በፀዳና በአካባቢዋ የገጠር መንደሮች ሕፃን ከጡት ሌላ መቅመስ ሲጀምር የሚቀርብለት ብዙውን ጊዜ ቀጠን ያለ አጥሚት ወይም ከአዋቂዎች መሶብ የተቆረሰ እንጀራ ነው። ይህ ሆድ ይሞላል፤ ወተት፣ እንቁላልና ጥራጥሬ ካልታከለበት ግን አካልን በሚገባ አይገነባም። ቁመቱ ለዕድሜው ከሚገባው በታች የሆነ ልጅ ቀነጨረ ይባላል።

መቀንጨርን ለመከላከል የተደረገው ጥረት ረዥም ታሪክ አለው (ዘመናቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ለገጠሩ የጤና ባለሙያዎችን አሠለጠነ። በ1962 በስዊድን ትብብር በአዲስ አበባ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በ1968ም ወደ ኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት አደገ። ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀው ፋፋ የዚህ ጥረት ፍሬ ነው። ሆኖም በገንዘብ የሚሸጥ በመሆኑ ጥሬ ገንዘብ ለማይበረክትበት የገበሬ ቤት ሩቅ ነበር። የተመረተውን ኩንታል ብቻ የሚቆጥር ገምጋሚ ይህን ጉድለት አያየውም።

ክብደት በጥቂት ሳምንታት ርዳታ ያንሰራራል፤ በአንድ ተቅማጥም ይወርዳል። ቁመት ግን ያለፉትን ወራት መዝግቦ ያቆያል። ስለዚህ የዘላቂ ውጤት ምስክር ቁመት ነው። ልኩ ግን ጥንቃቄን ይሻል፤ ተኝቶ የተለካ ሕፃን ቆሞ ሲለካ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ዕድሜው ከመስቀል ወይም ከጥምቀት ተነሥቶ በግምት ሲሰላ ደግሞ ስሕተቱ ይበዛል።

ማነጻጸሪያውም ወሳኝ ነው። የ2000ው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 52 በመቶ የሚሆኑት ሕፃናት መቀንጨራቸውን ገልጾ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 ባወጣው መስፈርት ሲሰላ አኃዙ 58 ሆነ። ልጆቹ እነዚያው ናቸው። በ2016 የተገኘውን 38 በመቶ ከ52 ጋር የሚያስተያይ ሰው የተገኘውን መሻሻል ያሳንሰዋል። በዚያው ዓመት የአማራ ክልል አኃዝ 46 በመቶ፣ ማለትም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

መሻሻሉ የማን ሥራ ውጤት ነው? የጤና ኤክስቴንሽን በ2003፣ የሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2005፣ ብሔራዊ የሥነ ምግብ ፕሮግራም በ2008 ተከታትለው ተጀምረዋል። ፕሮግራም ያልደረሰባቸው ተመሳሳይ መንደሮች አብረው ካልተለኩ የአንዱን ድርሻ ከሌላው መለየት አይቻልም። በዳባት ከ1996 ጀምሮ ልደትና ሞት በተከታታይ መመዝገቡ ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል፤ የልጁን ትክክለኛ ዕድሜ ይሰጣልና።

በ2015 የታወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በ2030 ለማስቀረት ያለመ ነው። ፍጻሜው የሚፈረደው በተከፋፈለው እህል ብዛት ሳይሆን በትክክል በተለካ የልጅ ቁመት ሊሆን ይገባል።